ጎተራ ድራይቨር፦ የፐርሚሽን ጣጣ (የሥራ ማስታወሻ)

ቅዳሜ ከሰዓት

ጎተራ እስካሁን ፋይል ያነባል፣ ይጽፋል፣ ፎልደር ይከፍታል፣ ስም ይቀይራል፣ ያጠፋል። ለአዲስ አንባቢ ባጭሩ፦ ጎተራ ማለት ፍላሽ ወይ ኤክስተርናል ላይ ቁጭ የሚል አንድ ትልቅ ፋይል ነው፣ ውስጡ የኤስኪውላይት ዳታቤዝ አለ፣ ድራይቨሩ ደግሞ ያንን ፋይል እንደ ዲስክ አርጎ ያሳይሃል፣ ሊኑክስ ላይ በሊብፊውዝ፣ ዊንዶውስ ላይ በዊንኤፍኤስፒ፣ ማክ ላይ በማክፊውዝ (ሶስቱም አንድ ተራ ፕሮግራም የራሱን ዲስክ እንዲያሳይ የሚያረጉ መሳሪያዎች ናቸው)። ሶስቱም ላይ የሚሮጠው ኮድ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፣ ዳር ዳሩ ላይ ብቻ ነው የሚለያየው።

ፐርሚሽን (ፋይሉን ማን ያነባል፣ ማን ይጽፋል፣ ማን ራን ያረጋል) የሚባለውን ነገር ግን እስከዛሬ ዘልዬው ነበር። የፋይል መረጃ ሲጠየቅ ለሁሉም 0777 (ሁሉም ሰው ሁሉን ይችላል) እመልሳለሁ፣ ኦነሩ ማውንት ያረገው (እንደ ዲስክ የከፈተው) ሰው ነው፣ አለቀ። ይሄ እስከሆነ ድረስ ያስኬዳል፣ ከዛ ሁለት ነገር ላይ ያጋጫል። አንደኛው ኤስኤስኤች ነው፣ ሌላ ማሽን ውስጥ ከሩቅ የሚያስገባው። ፕራይቬት ኪይህን ጎተራ ውስጥ አስቀምጠህ ልትገባበት ስትል 0777 ነው፣ ለሁሉም የተከፈተ ኪይ አልቀበልም ብሎ በትልልቅ ፊደል ጮሆ ይተውሃል፣ ትክክልም ነው። ሁለተኛው ጊት ነው፣ የኮድ ለውጥ የሚመዘግበው፣ ሪፖህን ከሊኑክስ አምጥተህ ጎተራ ውስጥ ስትገለብጠው አንድ ፊደል ያልነካኸው ፋይል ሁሉ ተቀይሯል ይልሃል፣ ዲፉን ከፍተህ ስታይ ያለው ነገር ድሮ 100644 አሁን 100755 የሚል ብቻ ነው። ጊት ከፐርሚሽን ውስጥ የሚይዘው የኤክስኪዩት ቢቷን ብቻ ነው፣ እሷን ግን አጥብቆ ነው የሚይዛት።

ስለዚ ይሄ ሳምንት የፐርሚሽን ነው።

እሁድ

ከሊኑክስ ጀመርኩ፣ ቀላሉ እሱ ስለሆነ። ዘጠኝ ቢት ናቸው፣ ለኦነር ሶስት (ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ራን ማረግ 1)፣ ለግሩፕ ሶስት፣ ለሌላው ሶስት፣ በላያቸው ደግሞ ሶስት ልዩ ቢቶች አሉ፣ 4000 ሴትዩአይዲ፣ 2000 ሴትጂአይዲ፣ 1000 ስቲኪ። እዛው ቁጥር ውስጥ ከፍ ብሎ የፋይሉ አይነት ራሱ ይቀመጣል፣ 0100000 መደበኛ ፋይል፣ 0040000 ፎልደር፣ 0120000 ሲምሊንክ። ዳታቤዙ ላይ ሞድ የሚል ኮለም ጨመርኩና ቻሞድ (ሞድ መቀየሪያው ትእዛዝ) ሲመጣ የታችኞቹን 12 ቢት ብቻ እንዲቀይር አረኩት፣ አይነቱ እንዳይነካ። የዩማስኩን (አዲስ ፋይል ሲፈጠር ከሞዱ የሚቀነሱትን ቢቶች) ነገር ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ራሱ ቀንሶ ስለሚልክልኝ አልነካሁትም።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ፈራጁ ማነው የሚለው ነው። ፊውዝ (የሊብፊውዝ የከርነል ወገን፣ ከርነሉ ውስጥ የገባው በ2005 በ2.6.14 ነው) ምንም ካላልከው አንተ የመለስክለትን ሞድ አይቶ ማንንም አይከለክልም፣ ኃላፊነቱን ለድራይቨሩ ነው የሚተወው። ዲፎልት ፐርሚሽንስ የምትባለውን ኦፕሽን ስትሰጠው ነው ዩአይዲ (የዩዘር ቁጥር)፣ ጂአይዲ (የግሩፕ ቁጥር) እና ሞዱን አይቶ ልክ እንደ ተራው የሊኑክስ ዲስክ ኤክስት4 የሚፈርደው። ሳትሰጠው ከቀረህ የሚያረግልህ ነገር ቢኖር አንድም የኤክስኪዩት ቢት የሌለበትን ፋይል ራን አላረግም ማለት ነው። ይሄ ነገር ብዙ ሰው የሚሸወድበት ቦታ ነው፣ ኤልኤስ ላይ 0600 ብሎ ስላሳየው የተዘጋ ይመስለዋል፣ አልዎ አዘር የሚለው ኦፕሽን ከተከፈተ ግን እዛ ማሽን ላይ ያለ ማንም ዩዘር ያነበዋል። አልዎ አዘር ካልተከፈተ ደግሞ ከማውንት አድራጊው በቀር ሩት ራሱ እንኳ አይገባም፣ መጀመሪያ ያየው ሰው ሱዶ ብሎ ሲከለከል ይደነግጣል።

በራሴ ኮድ ልፍረድ ብል እችላለሁ ግን የጠሪውን ተጨማሪ ግሩፖች ሁሉ ማወቅ አለብኝ። ሊብፊውዝ በቀጥታ የሚሰጠኝ ዩአይዲ፣ ዋናውን ጂአይዲ፣ ፒአይዲና ዩማስክ ነው፣ የቀሩት ግሩፖች ፕሮክ ስር ገብቶ ከፕሮሰሱ ስታተስ መልቀም ነው፣ ያውም ለያንዳንዱ ኦፕን። አይ በቃ፣ ዲፎልት ፐርሚሽንስን አበራሁት፣ ከርነሉ ይፍረድ።

እሁድ ማታ

ሞዱ ተቀመጠ፣ ኦነሩስ? እዚ ጋ ነው ነገሩ መክበድ የሚጀምረው ምክንያቱም ዩአይዲ ቁጥር እንጂ ሰው አይደለም። ሊኑክስ ላይ የመጀመሪያው ዩዘር ብዙ ጊዜ 1000 ነው፣ ማክ ላይ 501። የማኩ ዩዘር ግሩፕ 20 ነው፣ ስታፍ ይባላል። ያንን ፋይል ኡቡንቱ ወይ ዴቢያን ላይ ስትከፍተው ኦነሩ 501 ይላል፣ እንደዛ የሚባል ሰው እዛ የለም፣ ግሩፕ 20 ግን አለ፣ ዲያልአውት ነው፣ ሲሪያል ፖርት መንካት የሚችሉ ሰዎች ግሩፕ። ማለትም ማክ ላይ ለቢሮው ስታፍ ብለህ 0640 ያረከው ፋይል ኡቡንቱ ላይ ሞደምና አርዱዊኖ ለሚነካካ ሰው ይከፈታል፣ አንተ ራስህ ግን ያንተው ፋይል ላይ ተከልክለህ ትቆማለህ። ማንም እንደዚህ ይሁን ብሎ አልወሰነም፣ ሁለት ቁጥር ስለገጠመ ብቻ የሆነ ነገር ነው።

አፕል ለዚህ ያለው መፍትሄ ደስ ይለኛል። ማክ ላይ ኤክስተርናል ዲስክ ስትሰካ የዚህን ዲስክ ኦነርሺፕ ችላ በል የምትል ምርጫ አለች፣ እሷ ስትበራ ፋይሉ የማንም ይሁን የማን ለሚያየው ሰው የራሱ መስሎ ነው የሚታየው። እኔም ጌትአትር (የፋይል መረጃ ሲጠየቅ የሚጠራው ፈንክሽን) ውስጥ የጠሪውን ዩአይዲ አይቼ እሱኑ ብመልስለትስ ብዬ አሰብኩ፣ ሊኑክስ ላይ አይሆንም። ከርነሉ የመለስኩለትን መረጃ ካሽ ያረገዋል፣ ዲፎልቱ አንድ ሰከንድ ነው፣ በዛች ሰከንድ ውስጥ ሁለተኛ ዩዘር ቢመጣ የሚያየው ለመጀመሪያው የተመለሰውን ነው። ካሹን ዜሮ ላርገው ብትል ደግሞ ኤልኤስ ራሱ ይንቀራፈፋል፣ ሁለቱ ዩዘሮች እኩል ሲመጡ ደግሞ አሁንም ዋስትና የለህም፣ አንድ አይኖድ አንድ ኦነር ነው ያለው። የማኩ የሚሰራው ከርነሉ ውስጥ ስለተሰራ ነው።

ስለዚ ሊኑክስ ላይ ኦነሩ ሁልጊዜ ማውንት ያረገው ሰው ይሁን አልኩ፣ ዳታቤዙ ላይ ኦነር የሚል ኮለም የለም። ኦነርሺፕ በእውነት የሚፈልግ ሰው፣ ለምሳሌ የሰርቨር ባካፕ የሚይዝ፣ ጎተራውን ሲፈጥር ኦነርሺፕ ይኑረው ብሎ በግልጽ ይምረጥ፣ ለሱ ብቻ ኮለሙ ይፈጠራል።

ሰኞ

ከዊንዶውሱ በፊት ሌሎቹ ምን እንዳረጉ ለማየት የሊኑክስን የፋት (ፍላሾች ላይ የሚገኘው የድሮ የዲስክ ፎርማት) ኮድ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ፋት ምስኪን ነው፣ ኦነር የለው፣ ግሩፕ የለው፣ ያለው አንድ ባይት አትሪቢዩት ብቻ ነው፣ ሪድኦንሊ 1፣ ሂድን 2፣ ሲስተም 4፣ አርካይቭ ሄክስ 20። ኤክስፋትም በዚህ በኩል ያው ነው። ታዲያ ሊኑክሱ ቀሪውን በማውንት ኦፕሽን ነው የሚፈጥረው፣ ዩአይዲ፣ ጂአይዲ፣ ለፋይል ኤፍማስክ፣ ለፎልደር ዲማስክ። ቻሞድ ስትለው ምን እንደሚያረግ ግን ማየት አለብህ፦ የሪድና የኤክስኪዩት ቢቶቹ ማስኩ የፈቀደው ሁሉ መኖር አለባቸው፣ የራይት ቢቶቹ ደግሞ ወይ ሁሉም ይኑሩ ወይ ሁሉም ይጥፉ። ሌላውን ሁሉ ኤረር ሳይመልስ ዝም ብሎ ይተወዋል። ምክንያቱም ዲስኩ ላይ ሊጻፍ የሚችለው ሪድኦንሊ የምትለዋ አንድ ቢት ብቻ ናት።

ቻውን (ኦነር መቀየሪያው) ደግሞ ኢፐርም (አልተፈቀደም የሚል ኤረር) ነው የሚመለስለት፣ ኳየት የሚባለው ኦፕሽን ከበራ ግን ባይሳካም ተሳክቷል ብሎ ይመልሳል። በውሸት ዝም ማለት ነው በአጭሩ። ለምን እንደተፈጠረ ይገባኛል፣ ኢፐርም ስትመልስ የሚሰበረው ብዙ ነው፣ ሲፒ ኦነርሺፕ መያዝ አልቻልኩም ይላል፣ አርሲንክ (ፋይል ገልባጩ) በኤ ኦፕሽን ስትሮጥ ፋይሎቹ በሙሉ ደርሰው እንኳ በኮድ 23 ይወጣል፣ ስክሪፕት ውስጥ ካለ ባካፕህ ከሸፈ ተብሎ ይቆጠራል፣ ጊት ደግሞ ጭራሽ ክሎን ማረግ ይከለክላል፣ ኮንፊግ ሎክ ፋይሉ ላይ ቻሞድ አልተሳካም ብሎ ይሞታል። ዊንዶውስ ድራይቭን ከደብልዩኤስኤል (ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ የሚያሮጠው) ውስጥ የተጠቀመ ሰው ይሄን መልእክት ያውቃታል።

ግን ውሸቱም አያስኬድም። ጊት ኢኒት ስትል ጊት ራሱ ዲስኩን ይፈትነዋል፣ ኮንፊግ ፋይሉ ላይ የኤክስኪዩት ቢቷን ይገለብጣትና መልሶ ያያታል፣ ተቀይራ ካላገኛት ፋይልሞድ ፎልስ ብሎ ይጽፍና ከዛ በኋላ ቢቷን አያምናትም። ይሄ በደህናው ነው። ኤስኤስኤች ላይ ያለው ሰው ግን ቻሞድ 600 ብሎ፣ ምንም ኤረር ሳያይ፣ አሁንም ኪይህ ክፍት ነው ሲባል ጸጉሩን ይነጫል።

የኔ አቋም፦ ጎተራ ፋት አይደለም፣ የራሱ ዳታቤዝ አለው፣ 12 ቢት ማስቀመጥ አያቅተውም፣ ስለዚ ቻሞድ በእውነት ይሰራል፣ ሶስቱም ሲስተም ላይ ተመልሶ ይነበባል። ቻውን ግን ኦነርሺፕ በሌለው ጎተራ ላይ የሚታየውን ኦነር መልሶ ካልሰጠኝ በቀር ኢፐርም ነው፣ ልክ እንደ ፋቱ። አርሲንክ የሚጠቀም ሰው ኦነርና ግሩፕን ቀንሶ ያሩጥ፣ ሪድሚው ላይ ትእዛዙን ጽፌለታለሁ።

ሰኞ ማታ፣ አንድ ነገር መጻፍ አለብኝ

ይሄ ፐርሚሽን ምን ይጠብቃል? ፍላሹን ኪሱ ከቶ የሄደ ሰው ሌላ ማሽን ላይ ሩት ሆኖ ይሰካዋል፣ ወይ ዳታቤዙን በቀጥታ ይከፍተዋል፣ 0600 ብትል 0000 ብትል ለሱ ምኑም አይደለም። ኢንክሪፕት ያልተደረገ ተንቀሳቃሽ ዲስክ ላይ ያለ ፐርሚሽን ቁልፍ አይደለም፣ በር ላይ የተለጠፈ "አይገቡም" የሚል ወረቀት ነው። ወረቀቱ ግን ጥቅም አለው፣ ስክሪፕቱ ራን መሆን እንዳለበት ይናገራል፣ ኤስኤስኤችን ያረጋጋል፣ ታር አርገህ (በአንድ ፋይል ጠቅልለህ) ሰርቨር ላይ ስትፈታው ትክክለኛው ሞድ አብሮ ይሄዳል። ስለዚ ጎተራ ውስጥ ሞድ የሚቀመጠው እንደ መረጃ ነው፣ ሳይጠፋ ሳይዛባ መሄዱ ነው ዋናው። ይሄን ከወሰንኩ በኋላ ብዙ ነገር ቀለለኝ፣ በተለይ የዊንዶውሱ።

ማክሰኞ

ዊንዶውስ። እዚ ዘጠኝ ቢት የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዱ ፋይል ሴኩሪቲ ዲስክሪፕተር አለው፣ ውስጡ የኦነሩ ኤስአይዲ (የዊንዶውስ የዩዘርና የግሩፕ መለያ ቁጥር)፣ የግሩፕ ኤስአይዲ፣ ከዛ ዲኤሲኤል የሚባል ዝርዝር፣ በዝርዝሩ ላይ እያንዳንዱ መስመር ለእከሌ ይሄ ተፈቅዷል ወይ ለእከሌ ይሄ ተከልክሏል ይላል። መብቶቹም ሶስት አይደሉም፣ ማንበብ 1፣ መጻፍ 2፣ መጨረሻው ላይ መጨመር 4፣ ራን ማረግ ሄክስ 20፣ ፎልደር ውስጥ ያለን ማጥፋት ሄክስ 40፣ እያለ እያለ ሙሉ መብት ሄክስ 1ኤፍ01ኤፍኤፍ ይደርሳል። ኤንቲኤፍኤስ ከ1993 ከኤንቲ 3.1 ጀምሮ በዚሁ ነው ያለው። አንድ የምታስቅ ወጥመድ አለችው፣ ዲኤሲኤሉ ጭራሽ ከሌለ ለሁሉም ሰው ሙሉ በሙሉ ክፍት ነው፣ ዲኤሲኤሉ ኖሮ ባዶ ከሆነ ግን ማንም አይገባም። የለም እና ባዶ ነው ሰማይና ምድር ናቸው እዚ ጋ።

መጀመሪያ የነበረኝ ሃሳብ ዲስክሪፕተሩን እንዳለ ዳታቤዝ ውስጥ አስቀምጬ ለዊንዶውስ እሱን፣ ለሊኑክስ ሞዱን ማሳየት ነበር። ለዚህ የዊንኤፍኤስፒን የፊውዝ ሽፋን ትቼ የራሱን ኤፒአይ መጠቀም አለብኝ፣ ምክንያቱም የፊውዝ ሽፋኑ ዲስክሪፕተር ሲመጣለት ወደ ዩአይዲ፣ ጂአይዲና ሞድ ጨምቆ ነው የሚሰጠኝ፣ ሶስተኛ ሰው ዝርዝሩ ላይ ከነበረ እዛው ይጠፋል። በሌላ ብራንች ላይ ሞከርኩትና ለጓደኛዬ ላኩላት፣ ዊንዶውሱን የምትፈትሽልኝ እሷ ነች። ማታ ደወለች።

"ስማ፣ ሴኩሪቲ ታቡን ከፍቼ ነበር፣ ያልታወቀ አካውንት ይላል፣ ከጎኑ ኤስ-1-5-21 ብሎ አንድ ክንድ ቁጥር። ያንተ ነው?"

"የኔ ላፕቶፕ ዩዘር ነው እሱ።"

"እና እኔ ጋ ምን ይሰራል?"

ጥያቄዋ ልክ ነው። የአንድ ማሽን ዩዘር ኤስአይዲ ውስጡ የማሽኑ መለያ ስላለ ሌላ ማሽን ላይ ትርጉም የለውም። ሁሉም ጋ አንድ የሆኑት የታወቁት ብቻ ናቸው፣ ሲስተም ኤስ-1-5-18፣ ሁሉም ሰው ኤስ-1-1-0፣ ዩዘርስ ኤስ-1-5-32-545። ሁሉም ማሽን አንድ ዶሜይን ውስጥ ያለበት መስሪያ ቤት ካልሆነ በቀር ዲስክሪፕተሩን ተሸክሞ መዞር ጭነት ነው፣ በዛ ላይ ሊኑክስ ላይ ቻሞድ ሲደረግ የተቀመጠው ዲስክሪፕተር ምን ይሁን የሚል ሌላ ጣጣ ይመጣል። ዜድኤፍኤስ የሚባለው ፋይል ሲስተም ለዚህ ብቻ ኤሲኤልሞድ የሚባል ሴቲንግ አለው፣ ዲስካርድ፣ ግሩፕማስክ፣ ፓስትሩ፣ ሪስትሪክትድ፣ አራት ምርጫ፣ ዲፎልቱ ዲስካርድ፣ ማለት ቻሞድ ካረክ ዝርዝሩ ይጣል። እነሱ ራሳቸው ዲፎልቱን መጣል ካረጉት እኔ ማን ነኝ። ብራንቹን ዘጋሁት፣ የፊውዝ ሽፋኑ ይበቃል።

ረቡዕ

የቁጥሩ ነገር ከተነሳ፣ ዊንኤፍኤስፒ ኤስአይዲን ወደ ዩአይዲ የሚቀይርበት ዘዴ ከሲግዊን (የዩኒክስ ፕሮግራሞችን ዊንዶውስ ላይ የሚያሮጠው) የመጣ ነው፣ ጊት ባሽ የምትጠቀሙ ሰዎች ሳታውቁት አይታችሁታል። ኤልኤስ ስትሉ በስምና በሳይዙ መሃል 197121 የሚል ቁጥር አለ አይደል? ያ ግሩፑ ነው። የማሽኑ የራሱ አካውንት ከሆነ ሄክስ 30000 ላይ የኤስአይዲው መጨረሻ ቁጥር ይደመራል፣ ሄክስ 30000 ማለት 196608 ነው፣ 513 ሲደመር 197121። የዶሜይን ከሆነ ሄክስ 100000 ላይ ይደመራል፣ የታወቁት እንደ ሲስተም ያሉት ደግሞ እንዳሉ ይገባሉ፣ ሲስተም 18 ነው። በየማሽኑ ፋይል ላይ የስም ዝርዝር ከመያዝ በሂሳብ ማስላቱ ብልህ ነገር ነው። ለኔ ግን ኦነሩ ማውንት ያረገው ሰው ስለሆነ ዩአይዲና ጂአይዲ ኦፕሽኑን -1 ሰጥቼው ጨረስኩ፣ የሚያሮጠውን ዩዘር ራሱ ይወስዳል።

የቀረው ሞድን ወደ ዲኤሲኤል መቀየር ነው፣ እሱን ዊንኤፍኤስፒ ያረግልኛል፣ ግን ምን እንደሚያጋጥም ማወቅ ነበረብኝ። 0644 ሲሆን ቀላል ነው፣ ኦነር ብዙ፣ ግሩፕ ያነሰ፣ ሌላው እኩል ወይ ያነሰ። ችግሩ ሲገለበጥ ነው። 0604 በል፣ ሌላው ሰው ያነባል፣ ግሩፑ አያነብም። ዩኒክስ ላይ ይሄ በደንብ ይሰራል ምክንያቱም ፍርዱ አንድ ጊዜ ነው፣ ኦነሩ ከሆንክ የኦነሩን ሶስት ቢት ብቻ ያያል፣ ግሩፑ ውስጥ ካለህ የግሩፑን ብቻ፣ ወደ ሌላው አይወርድም። እንዲያውም 0077 ብትል ከኦነሩ በቀር ሁሉም ይገባል፣ እሱ ብቻ ውጪ ይቀራል (ቻሞድ ማረግ ግን ሁልጊዜ ይችላል፣ ዊንዶውስም ላይ ኦነሩ ዝርዝሩን የመቀየር መብት እንዲሁ ስላለው እዚ ላይ ሁለቱ ይስማማሉ)። ዊንዶውስ ላይ ግን የተፈቀደው ይደመራል፣ የግሩፑ አባል ሁሉም ሰው በሚለው መስመር ተደምሮ ይገባል። ስለዚ ለግሩፑ የክልከላ መስመር ማስገባት የግድ ነው፣ ክልከላው ግን ኦነሩ ራሱ የግሩፑ አባል ከሆነ እሱንም ይይዘዋል፣ ስለዚ የኦነሩ ፈቃድ ከክልከላው በፊት መምጣት አለበት፣ ይሄ ደግሞ ዊንዶውስ መጀመሪያ ክልከላ ቀጥሎ ፈቃድ ብሎ ከያዘው ቅደም ተከተል ጋር ይጋጫል። ከርነሉ ግድ የለውም፣ ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ያነባል፣ ይፈርዳል። የሚያጉረመርመው ኤክስፕሎረር ነው፣ ሴኩሪቲ ታቡን ስትከፍት ቅደም ተከተሉ የተዛባ ነው ላስተካክለው ይልሃል። እሺ ካልከው የሚያስተካክለው በራሱ ቤት ነው፣ የኦነሩን መብት ይዞ ነው የሚሄደው። ሪድሚው ላይ በደማቁ ጻፍኩት፦ እምቢ በሉት።

በእውነቱ 0604 የሚጠቀም ሰው ስንት ነው? ጥቂት። ግን ቴስቱ ውስጥ አስገባሁት ምክንያቱም ደርሶ መልስ ሄዶ 0644 ሆኖ የሚመለስ ከሆነ ማንም ሳያየው አንድ ግሩፕ ተከፈተለት ማለት ነው።

ሐሙስ

ማጥፋት። ሊኑክስ ላይ ፋይል ማጥፋት የፋይሉ ጉዳይ አይደለም፣ የፎልደሩ ነው፣ ፎልደሩ ላይ ራይትና ኤክስኪዩት ካለህ 0444 የሆነውንም ታጠፋለህ (ስቲኪ ካለበት ነው የሚለየው)። ዊንዶውስ ላይ ግን ፋይሉ ሪድኦንሊ አትሪቢዩት ካለው ተራው ማጥፊያ አክሰስ ዲናይድ ነው የሚለው። ታዲያ ራይት ቢት የሌለውን ፋይል ሁሉ ለዊንዶውስ ሪድኦንሊ ብዬ ላሳየው የሚለው ያምራል፣ ችግሩ ጊት ነው። ጊት ኦብጀክቶቹን የሚያስቀምጣቸው 0444 አርጎ ነው። ሊኑክስ ላይ ክሎን የተደረገ ሪፖ ዊንዶውስ ላይ ላጥፋ ስትል ግማሹ ጠፍቶ ግማሹ ይቀራል፣ በፓይተን ፎልደር የሚያጸዳ ስክሪፕት ያለው ሰው ይሄን ኤረር በስሙ ያውቀዋል።

ስለዚ ለየኋቸው። የዊንዶውሱ ሪድኦንሊ፣ ሂድን፣ ሲስተም የራሳቸው ኮለም ላይ ናቸው፣ ከሞዱ አይወለዱም። ዊንዶውስ ላይ ሰው በእጁ ሪድኦንሊ ካረገው ሊኑክስ ላይ የራይት ቢቶቹ ተቀንሰው ይታያሉ፣ ሊኑክስ ላይ ራይት መልሶ ከጨመረ አትሪቢዩቷ ትነሳለች። ፎልደር ላይ ግን ሪድኦንሊን ጭራሽ አላያትም፣ ምክንያቱም ዊንዶውስ ፎልደር ላይ እሷን የሚጠቀማት ለሌላ ነው፣ አይኮኑ ወይ መልኩ የተቀየረ ፎልደር መሆኑን ለማስታወስ፣ እንጂ አይጻፍበት ለማለት አይደለም። የሊኑክሱ ፋትም ዲፎልቱ ይሄው ነው። ሳምባ (የሊኑክስ ፎልደርን ለዊንዶውስ ሼር የሚያረገው) ደግሞ በድሮው ዘዴ አርካይቭን የኦነሩ ኤክስ ቢት ላይ፣ ሲስተምን የግሩፑ ላይ፣ ሂድንን የሌላው ላይ ይለጥፍ ነበር፣ ለዛ ነው አንዳንድ ሼር ላይ የወርድ ደብዳቤ ኤክስኪዩተብል ሆኖ የምታገኘው። ያንን መንገድ አልሄድም።

ፎልደር ላይ ያለችው የኤክስ ቢትም ሌላ ታሪክ ናት። ሊኑክስ ላይ ፎልደሩ 0700 ከሆነ ውስጡ ያለው ፋይል 0644 ቢሆንም ሌላ ሰው አይደርስበትም፣ መንገዱ ላይ ነው የሚቆመው፣ ሰው ሁሉ በዚህ ተማምኖ ነው የሚኖረው። ዊንዶውስ ላይ ግን በመንገድ ያሉ ፎልደሮችን ቼክ የመዝለል መብት አለ፣ ያውም በዲፎልት ለሁሉም ሰው ነው የተሰጠው፣ ሙሉ አድራሻውን የሚያውቅ ሰው የፋይሉ የራሱ ዝርዝር ከፈቀደለት ቀጥ ብሎ ይገባል። ይሄን ከድራይቨሩ ልዝጋው አልልም፣ ዊንዶውሱ ላይ ያለ ሰው የሚጠብቀው የዊንዶውስን ነው። ሁለት ዩዘር ያለበት የዊንዶውስ ማሽን ላይ ጎተራ የሚከፍት ሰው ግን ይሄን ይወቅ።

ዓርብ

ዊንዶውስ ላይ አዲስ ፋይል ሲፈጠር ሞዱ ስንት ይሁን? ዩማስክ የለም፣ ሰውየውም ስለኤክስኪዩት አያስብም። ሁሉም 0755 ካልን ፎቶውም ፒዲኤፉም ራን የሚደረግ ይሆናል፣ ሁሉም 0644 ካልን ዊንዶውስ ላይ የተጻፈ ስክሪፕት ሊኑክስ ላይ አይሮጥም። ደብልዩኤስኤል ላይ ሜታዳታ የምትባለው ኦፕሽን ካልበራች አብዛኛውን 0777 ያሳይሃል፣ ከበራች ደግሞ ዩአይዲ፣ ጂአይዲና ሞዱን ኤንቲኤፍኤስ ላይ በኤክስቴንድድ አትሪቢዩት ይጽፈዋል፣ ሃሳቡ ከኔ ኮለም ጋር አንድ ነው። ግን እሱም የዊንዶውስ ፕሮግራም የፈጠረውን ፋይል አይገምትም።

ሲግዊን ኤሲኤል (የፈቃድ ዝርዝር) የሌለበት ዲስክ ላይ የሚያረገውን ነው የወሰድኩት፣ ፋይሉ በፓውንድና በቃለ አጋኖ ምልክት ከጀመረ ስክሪፕት ነው። እኔ የጨመርኩት ደግሞ፣ የመጀመሪያው ባይት ሄክስ 7ኤፍ ሆኖ ቀጥሎ ኢኤልኤፍ የሚሉ ሶስት ፊደሎች ካሉ የሊኑክስ ፕሮግራም ነው፣ 0755። ቀሪው 0644። ይሄን ኤልኤስ በተባለ ቁጥር ካረከው እያንዳንዱን ፋይል መክፈት ነው፣ ፎልደሩ ትልቅ ከሆነ ቡና አፍልተህ ትመለሳለህ፣ ስለዚ የሚታየው ፋይሉ ተጽፎ ሲዘጋ ነው፣ ዊንዶውስ ላይ ብቻ፣ ያውም ማንም በእጁ ቻሞድ አድርጎት የማያውቅ ከሆነ። ለዛች አንድ ፍላግ ቢት ኮለም ጨመርኩ፣ አንዴ ሰው ከወሰነ ድራይቨሩ አይገምትም።

ሴትዩአይዲ (ፕሮግራሙ በኦነሩ መብት እንዲሮጥ የምታረገው ቢት) ላይ ረጅም አልሄድኩም። ቢቱ ይቀመጣል፣ ይታያል፣ ታር ውስጥ ይገባል፣ ግን አይሰራም። ፊውዝ ማውንት ሲደረግ ኖሱይድና ኖዴቭ (ሴትዩአይዲንና የዲቫይስ ፋይልን የሚያግዱ ኦፕሽኖች) በራሳቸው ይገባሉ፣ ሩት ግን ሊያነሳቸው ይችላል፣ ስለዚ ኮዱ ውስጥ እኔ ራሴ አስገድጄ አስገባኋቸው። ከማያውቁት ሰው የመጣ ፍላሽ ላይ የሩት ሴትዩአይዲ ፋይል እንዲሮጥ የሚፈልግ ሰው ካለ ሌላ ድራይቨር ይፈልግ።

ቅዳሜ

ቴስት። ፍሪቢኤስዲ ላይ የተጀመረው ፒጄዲኤፍኤስቴስት የሚባለው የፖዚክስ (የዩኒክሶች የጋራ ስታንዳርድ) መፈተሻ አለ፣ ሩት ሆነህ ነው የምታሮጠው፣ ቻሞድ ቻውን ምናምን እያንዳንዱን ጥግ ይነካል። ዲፎልቱ ጎተራ ላይ ካሮጥከው የቻውን ክፍሉ ይወድቃል፣ መውደቁ ትክክል ነው፣ ስለዚ የማሮጠው ኦነርሺፕ በርቶ በተፈጠረ ጎተራ ላይ ነው። ለዲፎልቱ የራሴን ደርሶ መልስ ቴስት ጻፍኩ፣ ሊኑክስ ላይ 0600፣ 0644፣ 0755፣ 0444፣ 0604፣ 0077 ያላቸው ፋይሎች ይፈጠራሉ፣ ጎተራው ይዘጋል፣ ዊንዶውስ ላይ ይከፈታል፣ ይዘቱ ብቻ ይቀየራል፣ ይዘጋል፣ ማክ ላይ ተከፍቶ ሞዱ ይነበባል። 0444ቱና 0077ቱ ላይ ዊንዶውሱ መጻፍ ይከለከላል፣ ቴስቱም መከልከሉን ነው የሚጠብቀው።

ሲምሊንክ ላይ አንድ የቀረ አለ። ሊኑክስ የሲምሊንክን ሞድ ሁልጊዜ 0777 ነው የሚያሳየው፣ ማክ ግን የራሱ ሞድ ይሰጠዋል፣ ቴስቱ ሁለቱን ሲያወዳድር ይጮሃል። ሲምሊንክ ከሆነ ሞዱን አታወዳድር ብዬ ላልፈው ነው ያሰብኩት። ዊንዶውስ ላይ ሲምሊንክ ለመፍጠር ራሱ ወይ አድሚን መሆን ወይ ዴቨሎፐር ሞድን ማብራት ስለሚያስፈልግ እዛ ያለው ቴስት ለጊዜው ይዘለላል።

የፖዚክስ ኤሲኤል ጥያቄም መጥቷል፣ ሴትፋክል (የሊኑክስ ኤሲኤል መቀየሪያ ትእዛዝ) የሚጠቀም ሰው ጻፈልኝ። ለኦነርሺፕ ጎተራው ትርጉም አለው፣ ለዲፎልቱ የለውም፣ የዩዘር ቁጥሮቹ እዛም ያው ቁጥሮች ናቸው። ኢሹውን ከፍቼ ትቼዋለሁ። የፐርሚሽን ብራንቹ ሜይን ላይ ገብቷል፣ የድሮ ጎተራ ያላችሁ መጀመሪያ ስትከፍቱት ኮለሞቹ በራሳቸው ይጨመራሉ፣ ነባር ፋይሎች 0644 ፎልደሮች 0755 ይሆናሉ፣ ስክሪፕቶቻችሁ ላይ ቻሞድ አንዴ ማሮጥ ይኖርባችኋል፣ ከመክፈታችሁ በፊት የጎተራውን ፋይል ኮፒ አርጋችሁ አስቀምጡ።